እንቅልፍ የሚሸጥ ቤት፦ በአንኮበር አፋፍ ላይ አራት ሌሊት

በአንኮበር ወረዳ፣ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ በሚንደረደርበት አፋፍ ላይ፣ ስድስት ክፍሎች ብቻ ያሉት አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ። በራሪ ወረቀቱ ስለ አልጋው ስፋትም ሆነ ስለ ምግቡ ብዙ አይናገርም፤ በትልቁ የተጻፈው «እዚህ ይተኛሉ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ቤቱ «ጭንቀትንና ድብርትን በተፈጥሮ የሚያክም» መሆኑ ተጠቅሷል። ባለፈው ኅዳር ወር ለአራት ሌሊት አድሬበት መጥቻለሁ። በትልቁ የተጻፈው ቃል ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በደቃቁ የተጻፈው ግን ቤቱ ሊገባው የማይገባ ቃል ኪዳን ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የማረፊያውን ስም የማልጠቅሰው የአንድ ቤተሰብ ጥረት የሆነን ትንሽ ሥራ ከምነቅፋቸው ነገሮች ጋር ለዘላቂው ማቆራኘት ተገቢ ስላልመሰለኝ ነው።

የእንቅልፍ ቤትን የሚመዝን ሰው በምን ዓይነት እንቅልፍ እንደሄደ ካልታወቀ ፍርዱ አይታመንምና ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ሥራዬ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እሠራለሁ። ከሰኔ ወር ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሽቶ ነበር። እንቅልፍ እስኪወስደኝ አልቸገርም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ሰው እንደ ጠራኝ ሁሉ ብንን እልና እስኪነጋ ስገላበጥ አድራለሁ። ሐኪሞች በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚደጋገም፣ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀ የእንቅልፍ እጦትን ሥር የሰደደ ይሉታል፤ የእኔ አምስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ከድካሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ የጠባዬ መለወጥ ነው። አንድ ባልደረባዬ በረንዳ ላይ ሰላምታ ሳይሰጠኝ በማለፉ ቀኑን ሙሉ ሳብሰለስለው ውዬ፣ ማታ ለቤተሰቤ እንደ ትልቅ በደል ተናገርሁት። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት፣ ወደ 35 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች የሚያስከፉ ምስሎችን ሲያዩ፣ አሚግዳላ የተባለው ፍርሃትንና ቁጣን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ከተኙት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ በርትቶ እንደሚነሣ፣ አደብ ከሚያስገዛው ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር ያለው ትስስርም እንደሚላላ አሳይቷል። ይህን ሳነብ ያ ባልደረባዬ ምናልባት መነጽሩን ረስቶ ይሆናል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ አንኮበር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው መንገድ የሚያልፈው ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ከፍተኛ ደጋ ላይ ሲሆን፣ በኅዳር ወር ሌሊቱን ውርጭ የመታው ሣር ጠዋት ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ማረፊያው 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለ አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ የተኛ ሰው ትንፋሹ አንዴ እየፈጠነ፣ አንዴ ለጥቂት ሰከንዶች ቀጥ እያለ ስለሚዛባ ደጋግሞ ይነቃል። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር ጉዳቱ ይቀልልን ይሆናል፤ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ ተነሥቶ በቀጥታ የሚመጣ እንግዳ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ከሒሳብ ባያስገባው ይሻለዋል።

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ከውስጥ በሸምበቆ የተሸፈነ ነው። ቴሌቪዥን የለም፤ የስልክ ኔትወርክም የሚገኘው ግቢው ጥግ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። አልጋው ላይ ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ከእግርጌ ደግሞ በመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ አንድ ባና ታጥፎ ይቀመጣል። ባናው ይከብዳል፤ ሲደርቡት ሰው የተደገፈብዎ ያህል ነው፤ የሚሸት ግን የበግ ሳይሆን የወይራ ጭስ ነው። ክፍሉ ይበርዳል፤ ይህን ግን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ለእንቅልፍ ሲዘጋጅ የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ወደ አንድ ዲግሪ ያህል መውረድ ስላለበት ቀዝቀዝ ያለ አየርና የሚሞቅ ልብስ ከሞቀ ክፍል ይበልጣሉ።

የቤቱ ትልቁ ነገር ግን ከራት በኋላ ያለው የእግር እጥበት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን የቤቱ ልጅ በአንድ እጇ ጀበና የሚያህል ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የሸክላ ገበቴ ይዛ ትመጣለች፤ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው። ለብ ያለውን ውኃ ከቁርጭምጭሚት በላይ ታወርድና ተረከዝዎን በመዳፏ ይዛ፣ ጣት በጣት እያሸች፣ ሳትቸኩል ታጥባለች። መጀመሪያ አፍሬ «ተይው፣ እኔ እታጠባለሁ» ብያት ነበር፤ «እንግዳ እግሩን ራሱ ይታጠባል እንዴ?» አለችኝና ዝም አልሁ። አያቶቻችን ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር የሚያጥቡት ለአክብሮትና ለንጽሕና ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚያም ያለፈ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው ከሚያመለክቱት ነገሮች ሁሉ ጎልቶ የታየው የእጅና የእግሩ መሞቅ ነው። በእግር ቆዳ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ሲሰፉ ሙቀት ከሰውነት ውስጥ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ እግር ሲሞቅ ውስጣችን የሚቀዘቅዘው በዚህ መንገድ ነው። ካልሲዬን አድርጌ አልጋ ውስጥ ስገባ ይህን ሁሉ አስቤ አልጨረስሁትም፤ እንቅልፍ ቀደመኝ።

ይህ የሆነው ግን በሁለተኛው ሌሊት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት እዚያው አልጋ ላይ፣ እግሬን ያው ታጥቤ፣ ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁ ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ሦስት ነው፤ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ የቤቱ።

የእኔ የሆነው በአዲስ ቦታ ማደሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች በማያውቁት ስፍራ በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኙ የአንጎላቸው ግራ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ቀለል ያለ እንቅልፍ እንደሚተኛና ለድምፅ ንቁ ሆኖ እንደሚቆይ አግኝተዋል። ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ዘብ ያድራል ማለት ነው። ከታች ከገደሉ የጅብ ጩኸት ሲሰማ ያደረ ሰው ይህን ግኝት ያለ ማስረጃ ይቀበላል።

ሁለተኛው ምክንያት ቡና ነው። ራሱን የእንቅልፍ ቤት ብሎ የሰየመ ማረፊያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጓዳ ውስጥ ቡና ቆልቶ፣ እጣኑን አጢሶ፣ እንግዶቹን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ያጠጣል። ሥነ ሥርዓቱ ያማረ ነው፤ እምቢ ማለትም ነውር ይመስላል። ነገር ግን ነቅተን በቆየን መጠን አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተከማቸ ይሄዳል፤ የእንቅልፍ ጫና የምንለው እርሱ ነው። የቡናው ካፌይን የሚያደርገው አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ መያዝ ነው፤ አዴኖሲኑ አይጠፋም፣ እንደ ታክሲ ሰልፈኛ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። ከሰው ሰው ቢለያይም ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በ1 ሰዓት የጠጣሁት ቡና ግማሹ እኩለ ሌሊት ላይ ገና በደሜ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ የማረፊያው ባለቤት ለሆኑት ሴት ይህን ስነግራቸው «ቡና ያልቀረበለት እንግዳ ምን ይለናል?» አሉኝ። ከምሳ በኋላ ይቅረብ ብዬ መከርኋቸው፤ እስከ ሄድሁበት ቀን ድረስ ግን የማታው ቡና አልቀረም፤ እኔ ብቻ ጦስኝ ተፈላልኝ።

ሦስተኛው መብራት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። አፋፉ ላይ ካለው የዘበኛ ጎጆ አናት ላይ አንድ ነጭ፣ ዓይን የሚያጥበረብር አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። እኔ ያደርሁበት የሁለተኛው ክፍል መስኮት በቀጥታ ፊት ለፊቱ ነው፤ መጋረጃው ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ትራሱ ላይ ያርፋል። በዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለመለየት የተሰናዱ ልዩ ሴሎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በምርምር ሥራቸው የታወቁት እነዚህ ሴሎች በተለይ ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ይቀሰቅሳቸዋል፤ ነጭ አምፖልና የስልክ መስታወት የሚረጩትም ያንኑ ነው። ሴሎቹ መልእክታቸውን አንጎል ውስጥ ላለው ዋና ሰዓት ያደርሳሉ፤ ሰዓቱም ጨለማን የሚያበሥረውን፣ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ይከለክላል። እንዲህ ባለ ስፍራ፣ ከዋክብት ለመልቀም እስኪቃጡ ድረስ ቀርበው በሚታዩበት ሰማይ ሥር፣ ያን አምፖል ማብራት ማር ውስጥ ጨው እንደ መጨመር ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ይህን መብራት ቢያጠፉልኝ?» አልኋቸው።

«እሱ ከጠፋ እኔ ምኑን ልጠብቅ ልጄ? ጅቡ እኮ እዚህ ሽንት ቤቱ ድረስ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ወደ ገደሉ ቢያዞሩት?»

«ገመዱ አይደርስም።»

ጥቂት ዝም ተባብለን ቆምን። ከዚያ እርሳቸው ወደ ጓዳው ሄደው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ተመለሱ፤ ከውጭ በኩል በመስኮቱ አናት ላይ በሁለት ምስማር መትተው ሰቀሉት። «ጎህ ሲቀድ እገልጥልሃለሁ፤ አሁን ግባና ተኛ» አሉኝ። በዚያ ሌሊት ቡናው አላስተኛኝም፤ ከዚያ ወዲያ ግን እርሳቸው በየማታው ከረጢቱን እየጣሉ፣ በየማለዳው ጠቅልለው እየሰቀሉ ለአልጋው ከተከፈለው ገንዘብ የበለጠ ውለታ ውለውልኛል። የሌሊት ሥራ እንዴት እንደ ሆነ ስጠይቃቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት እንደ ሠሩ ነግረውኝ፣ «የቀን እንቅልፍ እኮ አያጠግብም ልጄ፤ በልተህ እንደ ራበህ ነው» አሉኝ። እ.ኤ.አ. የ2017 የኖቤል የሕክምና ሽልማት የተሰጣቸው ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በየሴላችን ውስጥ ጊዜን የሚቆጥረው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የገለጡ ናቸው። ያ ሰዓት ሰውየው ሌሊት ስለሠራ ብቻ አይገለበጥም፤ ቀን ሲተኙ ሰውነታቸው ነቅቶ ይጠብቃቸዋል።

ቤቱ ሳያስበው የሚሰጠው፣ በበራሪ ወረቀቱም ላይ ያልጻፈው ዋናው መድኃኒት የማለዳ ብርሃን ነው። አንኮበር የደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ እንደ መሆኑ የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከፊቱ ፀሐይን የሚጋርድ ተራራ የለም። ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከአፋር ምድር ጭጋግ በላይ ቀይ መስመር ይታያል፤ ከዚያ ብርሃኑ ማንም ሳያግደው ይመጣና ግድግዳውን፣ በሩን፣ ፊትዎን ይመታል። በቢሮ ውስጥ የምንቀመጥበት ብርሃን በብርሃን መለኪያው በሉክስ ከ300 እስከ 500 ቢሆን ነው፤ ጠራ ባለ ማለዳ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ግን 10,000 ሉክስና ከዚያ በላይ ያገኛል። ዓይን ቶሎ ስለሚለምደው ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑ አይታወቀንም፤ የአንጎላችን ሰዓት ግን ያውቀዋል። ጠዋት ጠንካራ ብርሃን ያየ ሰው ማታ እንቅልፉ ቀድሞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ የተሠራ ጥናት ስምንት ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ከፀሐይና ከእሳት ብርሃን በቀር ሌላ ብርሃን በሌለበት ድንኳን ውስጥ አሳድሮ፣ የሜላቶኒናቸው ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ከፀሐይ መግባትና መውጣት ጋር እንደ ገጠመ አይቷል። ስምንት ሰው ጥቂት ነው፤ ውጤቱ ግን እኔ በአራት ቀን ካየሁት ጋር ይስማማል። እኛ ደግሞ ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን የምንቆጥር ሕዝብ ነን፤ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት፣ ከዚያ 1 ሰዓት ብለን እንጀምራለን። የሰዓት አቆጣጠሩን ይዘን አኗኗሩን ትተነዋል።

በዚያው አፋፍ ላይ በየማለዳው ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። ሌሊቱን ገደሉ ወገብ ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች ተጠጋግተው ያድራሉ፤ ሲነጋ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንደ ወጡ ወደ ሣሩ አይቸኩሉም። ቁጭ ብለው፣ ጀርባቸውን ወይም ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሞቃሉ። አንዲት እናት ግልገሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስትሞቅ፣ ከአጠገቧ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ትልቅ ወንድ ጎፈሩን ነፋስ እያራገበበት ለሩብ ሰዓት ያህል ንቅንቅ ሳይል አየሁት። እኔም የሻይ ብርጭቆዬን ይዤ አጠገባቸው፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ተቀመጥሁ። ስልኬን ያላነሣሁበት፣ ማንሣቴንም ያላሰብሁበት ጊዜ ያ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቤቱ አስጎብኚ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ወሰደኝ። ደኑ በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በባሶና ወራና ወረዳዎች የተዘረጋ ጥንታዊ የተፈጥሮ ደን ነው፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው በአንድነት ቆሞ፣ ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽበት ጺም የተንዘረፈፈ ነገር ይንጠለጠላል። ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እያውለበለቡ ከዛፍ ዛፍ ሲዘልሉ ቅጠሉ ይረግፋል። አስጎብኚው ዕውቀት ያለው ወጣት ነው፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማትገኘውን፣ ስሟንም ከአንኮበር ያገኘችውን ግራጫ ትንሽ ወፍ ለማሳየት ብዙ ደከመ፤ አላገኘናትም። ነገር ግን ከመናገር የማያርፍ በመሆኑ በግማሹ መንገድ ላይ ትንሽ ዝም እንድንል ለመንሁት። አልተቀየመም፤ ቀድሞኝ ሄደ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ደኑ ሥራውን የጀመረው። ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ስቲቨንና ሬቸል ካፕላን፣ ትኩረትን ከሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ እንደ እርማት ሥራዬ ያለ፣ በግድ የምንይዘውና የሚደክም ነው፤ ሌላው ቅጠል ሲንቀሳቀስ፣ ውኃ ሲፈስስ፣ ደመና ሲያልፍ ያለ ድካም የሚወሰድ ነው። ሁለተኛው ሲሠራ የመጀመሪያው ያርፋል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዛፍና ሣር ባለበት የተራመዱ ሰዎች በተጨናነቀ የመኪና መንገድ ዳር ከተራመዱት ይልቅ ሐሳብ ማብሰልሰላቸው እንደ ቀነሰና ከማብሰልሰል ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ሥራ እንደ ረገበ መዝግበዋል። እኔ የመዘገብሁት ከዚህ ያነሰ ነው። ወደ ደኑ ስገባ ሰላምታ ያልሰጠኝን ባልደረባዬን አሁንም እያሰብሁ ነበር፤ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ ግን የሰውየውን ስም ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታዬ እመጣለሁ። በሦስተኛው ሌሊት ብርዱ በርትቶ ስለነበር ራቴን በልቼ ስመለስ ፍሙ የጋመ የከሰል ምድጃ ክፍሌ ውስጥ፣ ከአልጋው እግር አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁ። በሩም መስኮቱም ዝግ ነው። በደግነት የተደረገ ነው፤ በደግነት የተደረገ መሆኑ ግን ሰውን ከሞት አያድንም። ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ተሸካሚ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን እንኳ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ምድጃውን ራሴ አውጥቼ ባለቤቷን ጠራሁ። «ጭሱ እስኪወጣ ውጭ አቆይተነው እኮ ነው ያስገባነው» አሉኝ። ጭሱ ሲጠፋ አደጋው የጠፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስነግራቸው ደነገጡ፤ ወዲያውም ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ በነጠላ ጠቅልለው ላኩልኝ፤ እግሬን ከከሰሉ ባልተናነሰ አሞቀው። ከዚያ በኋላ በሌሎቹ ክፍሎች ምድጃ ሲገባ አላየሁም፤ ወደዚያ የምትሄዱ ግን ስትገቡ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በዚህ ነገር ይሉኝታ አያስፈልግም።

ምግቡ የደጋ ምግብ ነው፦ የገብስ ዳቦ፣ የባቄላ ሽሮ፣ አይብ፣ ማለዳ በሶ። ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ራት ላይ ለብርዱ ተብሎ የሚቀርበውን አረቄ ግን የእንቅልፍ መድኃኒት አድርገው የሚያቀርቡት አስተናጋጆች ተሳስተዋል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ሕልም የምናይበትንና ስሜታችን ረገብ ብሎ ፈር የሚይዝበትን የእንቅልፍ ክፍልም ይቀንሳል። በሌሊቱ 9 ሰዓት ብንን የሚሉ ሰዎች ማታ የጠጡትን ቢያስታውሱ መልሱን አንዳንዴ እዚያው ያገኙታል።

በደቃቅ ፊደል ስለ ተጻፈው የሕክምና ቃል ኪዳን ባለቤቷን በግልጽ አነጋግሬያቸዋለሁ። «እትዬ፣ ድብርት እኮ በሽታ ነው፤ ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ እናንተን አምኖ ቢመጣስ?» ስላቸው፣ ጽሑፉን ያዘጋጀው ከተማ ያለ የወንድማቸው ልጅ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ጨለማ፣ ብርድ፣ የማለዳ ፀሐይና ደን የደከመ አእምሮን እንደሚያሳርፉ አልጠራጠርም። ሥር ለሰደደ የእንቅልፍ እጦት ግን ሐኪሞች አስቀድመው የሚያዝዙት የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው፤ እርሱም የሚሰጠው በሠለጠነ ሰው፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። አራት ሌሊት የሚያደርገው ቢኖር እንቅልፍ ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ ነው። ከተመለስሁ በኋላ ወደ አሥር ቀን ያህል በ3 ሰዓት ተኩል እየተኛሁ፣ ሳልነቃ አነጋሁ፤ ከዚያ ሥራው ሲበዛና ኮምፒውተሩ እንደ ገና ሲያመሸኝ የ9 ሰዓቱ ጠሪ ተመለሰ፤ በየሌሊቱ ሳይሆን አልፎ አልፎ ነው። አሁን ማለዳ ቁርሴን በረንዳ ላይ እበላለሁ፤ ማታም እግሬን በሙቅ ውኃ እታጠባለሁ፤ በራሴ እጅ መሆኑ ግን ያንን ያህል አያስተኛም።

ዋጋው ራትና ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 2,400 ብር ነው፤ አስጎብኚው ለብቻው ይከፈላል። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ መብራቱ ቢቀየርና የማታው ቡና ወደ ቀን ቢዛወር አራት ተኩል በደስታ እሰጠው ነበር። ከስድስቱ ክፍሎች ሦስቱ ወደ ገደሉ፣ ሦስቱ ወደ ወጥ ቤቱ የብሎኬት ግድግዳ ያያሉ፤ ዋጋቸው ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው መስኮታቸው ወደ ዛፎች የሚያይ ሕመምተኞች መስኮታቸው ወደ ጡብ ግድግዳ ከሚያይ ሕመምተኞች ቀድመው ከሆስፒታል እንደ ወጡና ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ እንደ ወሰዱ አሳይቷል፤ ጤነኛም ቢሆን ለግድግዳ እኩል ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ስትደውሉ የገደሉን ረድፍ ጠይቁ፤ ከእርሱም ሁለተኛውን ክፍል። ከረጢቱ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ እዚያው መስኮት ላይ እንዳለ ከእኔ በኋላ ያደረ አንድ ወዳጄ ነግሮኛል፤ ሽማግሌውም ጎህ ሲቀድ ሳይጠየቁ ገልጠውለታል።